ፎርማው ከቱቦው ጋር ሲገጥም

ደሴ ላይ ደረጃ የሌለው ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከጦሳ ተራራ ሥር በተንጠላጠለች ከተማ ውስጥ ከውጭ በር እስከ ሳሎን ለመድረስ አንድም መውጣት፣ አንድም መውረድ ግድ ነው። የእኛም ግቢ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃዎች አሉት። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድና ድንጋዩን ሲያረጥበው እናቴ ግድግዳ እየዳበሰች ስትወርድ እያየሁ መቀመጥ ስላልቻልሁ፣ የመደገፊያ ብረት ልሠራላት ተነሣሁ። ጫፎቹ ተቆርጠው በማዕዘን እንዲበየዱ አልፈለግሁም፤ የተበየደ ማዕዘን ነጠላ ይይዛል፣ እጅ ይቧጭራል፣ ቀለሙም መጀመሪያ የሚለቀው እዚያው ስፌቱ ላይ ነው። ቱቦው ራሱ ሳይቆረጥ ዞሮ ወደ ግድግዳው እንዲገባ ነበር ሐሳቤ። ስለ ቱቦ ማጠፊያ ምርጫና አጠቃቀም የማውቀው ሁሉ የጀመረው ከዚያች ደረጃ ነው።

የሥራ ቤቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ወርዷ ሦስት፣ ርዝመቷ አራት ሜትር የምትሆን ቦታ ናት። ሞርሳ፣ ግራይንደር፣ ትራፓኖና አንድ አነስተኛ የብየዳ ማሽን አሉኝ፤ እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ በቀር የምገባባት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ ማጠፊያ ልገዛ ስወጣ የማውቀው ነገር ቢኖር ትንሽ፣ በእጅ የሚሠራና መብራት ሲጠፋ የማይቆም መሆን እንዳለበት ብቻ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት በክሪክ ኃይል የሚገፋ፣ ሳጥኑ ላይ 12 ቶን የሚል የተጻፈበት፣ ከግማሽ ኢንች እስከ 2 ኢንች የሚደርሱ ስድስት ፎርማዎች፣ ማለትም ቱቦው የሚታጠፍባቸው ባለ ጉድጓድ ቅርጾች፣ ያሉት ማጠፊያ ነበር። ሻጩ «ይቺ የማታጥፈው ብረት የለም» አለኝ፤ እኔም የቶኑን ቁጥር አይቼ አመንሁ። ኋላ እንደገባኝ ግን በቱቦ ማጠፍ ሥራ ውስጥ ኃይል መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ለመደገፊያው የሚሆነው ቧንቧ እስኪመጣ ድረስ እጄን ላፍታታ ብዬ ለዱካ፣ ጀርባ ለሌላት ትንሽ መቀመጫ፣ የገዛሁትን፣ ውጫዊ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ቱቦ ሦስት ሩብ በሚለው ፎርማ ላይ አስተኛሁትና ክሪኩን መምታት ጀመርሁ። እስከ ሃያ ዲግሪ ገደማ ድረስ ያለ ችግር ታጠፈ። ከዚያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጎንበስ ብዬ ስመለከት የቱቦው ውስጠኛ ጎን በእግር እንደተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጀርባው ጠፍጥፏል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ በፎርማው ጉድጓድ ውስጥ ተንሰራፍቶ ጠርዙ ላይ ሁለት ረጃጅም ጭረቶች አውጥቷል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆኑ። ሦስቱን ቁርጥራጮች እስከ ዛሬ ድረስ ከሞርሳው በላይ ሰቅያቸዋለሁ።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ቧንቧና ቱቦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያላወቅሁት እኔ ነበርሁ። የውሃ ቧንቧ የሚጠራበት ኢንች ስም እንጂ ልክ አይደለም፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ በካሊፐር፣ ማለትም በዲያሜትርና በውፍረት መለኪያ፣ ሲለካ ውጩ 21.3፣ ሦስት ሩብ የሚባለው 26.9፣ አንድ ኢንች የሚባለው 33.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለወንበር፣ ለአልጋና ለመደርደሪያ የሚሸጠው ቱቦ ግን የሚጠራው በእውነተኛው የውጭ ልኩ ነው፤ 25 ከተባለ 25 ነው። እንግዲህ የእኔ ቱቦ ለ26.9 በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ሲተኛ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ቀርቶለት ነበር ማለት ነው፤ ብረት ደግሞ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚሄደው ክፍተት ወዳለበት ነው። በዚያ ላይ የዚህ ዓይነቱ ማጠፊያ ቱቦውን ከሁለት ወገን አስደግፎ ከመሐል ይገፋል እንጂ እጥፋቱ ላይ ጀርባውን የሚይዝለት ምንም ነገር የለውም። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ በራሱ ይቆማል፤ ስስ ከሆነ ግን ጀርባው ይተኛል።

ይኸው ማሽን ከሁለት ሳምንት በኋላ የእናቴን መደገፊያ እንከን በሌለው መንገድ አጠፈልኝ። ቧንቧው አንድ ኢንች የሚባለው፣ የግድግዳው ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልብ ይሏል፤ የውጭውን ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት ስናካፍል የመደገፊያው ቧንቧ ወደ አሥር ተኩል የሚሆን ቁጥር ይሰጣል፤ የዱካው ቱቦ ግን፣ ግድግዳው 1.2 ስለነበር፣ ወደ ሃያ አንድ ይደርሳል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ቱቦው ከብረትነት ይልቅ ወደ ጣሳነት ይጠጋል፤ ድጋፍም በዚያው ልክ ይፈልጋል። ማሽን ከመግዛቴ በፊት በካሊፐር ሁለት ልኬት ብወስድና አንዲት ማካፈል ብሠራ ኖሮ ሦስቱን ቁርጥራጮች ባልሰቀልሁ ነበር።

ለቤት ሥራ ከሚሆኑት ማጠፊያዎች መካከል ለስስ ቱቦ የሚበጀው ቱቦውን ጎትቶ የሚጠቀልለው ዓይነት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዙሪያው ላይ ግማሽ ክብ ጉድጓድ የተቆፈረበት ክብ ፎርማ በፔርኖ፣ ማለትም በመሐል ዘንግ፣ ላይ ይዞራል፤ የቱቦው ጫፍ በመያዣ ከፎርማው ጋር ይታሰራል፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ እኛ «ጫማ» የምንላት፣ እርሷም ግማሽ ክብ ጉድጓድ ያላት ቁራጭ የቱቦውን ጀርባ ደግፋ ትይዛለች። እጀታው ሲገፋ ፎርማው እየዞረ ቱቦውን ይጎትታል፤ ቱቦውም በፎርማውና በጫማዋ መካከል ሙሉ ክብ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ያህል ስለሚሆን የሚንሰራፋበት ቦታ አያገኝም። እጥፋቱ ሁልጊዜ የሚፈጸመው አንድ ቦታ ላይ፣ ድጋፉ ባለበት፣ ነው። ባለ ሦስት ሮለሩ ማጠፊያ ለሰፋፊ ቅስቶች፣ ለምሳሌ ለድንኳን አጥንት ወይም ለበር ቅስት፣ ግሩም ነው፤ ጠባብ ማዕዘን ግን አይሠራም። ለመዳብ ቱቦ የሚሆነው በእጅ የሚያዝ ባለ ሁለት እጀታ ትንሽ ማጠፊያ ለፍሪጅ ጠጋኞች ይሁን፤ ብረት አታስነክሱት።

ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚመጣው የራዲየስ ጉዳይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛው ሰፋ ባለበት አይሱዙው በእርጋታ ይዞራል፤ ጠበብ ባለበት ግን የውጩ ጎማ ብዙ መንገድ፣ የውስጡ ጎማ ጥቂት መንገድ ስለሚሄዱ ጭነቱ ይንገራገጫል። ቱቦም እንዲሁ ነው። የእጥፋቱ ራዲየስ፣ በቱቦው መሐል መስመር ተለክቶ፣ የዲያሜትሩን ሦስት እጥፍ ሲሆን የውጩ ቆዳ ወደ 17 በመቶ መለጠጥ፣ የውስጡም በዚያው ያህል መጨማተር ይጠበቅበታል። ተራ ብረት ይህን ይችላል። ሁለት እጥፍ ሲሆን ግን ወደ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ የሚገባ ልዩ ድጋፍ ካልኖረ በቀር ስስ ቱቦ መጨማደዱ አይቀርም። ስለዚህ ለ25 ቱቦ 75 ራዲየስ፣ ለ32 ቱቦ ከ95 የማያንስ ራዲየስ ያለው ፎርማ ካልተገኘ ማሽኑን ቢተውት ይሻላል። ፎርማው ላይ የተጻፈው ራዲየስ ከመሐል መስመር ይሁን ከጉድጓዱ ወለል መለካቱን መጠየቅም ያስፈልጋል፤ በ25 ቱቦ ላይ ሁለቱ በ12.5 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ።

ገበያ ላይ ካሊፐር ይዞ መሄድ ነውር አይደለም። አንድ ጊዜ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው ተብዬ የገዛሁት ቱቦ ቤት አምጥቼ ስለካው 1.2 ሆኖ አገኘሁት፤ ሻጩ ዋጋውን ያስከፈለኝ ግን በ1.5 ነበር። ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት፤ ለ1.5 ያስተካከልኩት ልኬት ሁሉ ለ1.2 አልሠራም፤ ሁለት እጥፋትም ተበላሸብኝ። የቱቦ ጫፍ ከመቁረጥ የተነሣ ቡር፣ ማለትም ሹል ትርፍራፊ ብረት፣ ስለሚኖረው ካሊፐሩን ጫፉ ላይ ከማሳረፍ በፊት በሞረድ ማጥራት፣ ሦስት ቦታም መለካት ነው።

እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት ጎትቶ የሚጠቀልል ማጠፊያ ባለ ጥርስ እጀታ፣ ከነእግሩ አንድ ሰው የሚያነሣው፣ የ20 እና የ32 ፎርማ ያለው ነበር፤ የ25 ግን አልነበረውም። ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ቤት፣ ሄድሁ። ቤቱን የሚያሠሩት ሐጂ በቶርኖ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ያቀረብሁላቸውን ሥዕል አገላብጠው አዩና «የውጩን ስንት አልኸው?» አሉኝ። 150 አልኋቸው። «ጉድጓዱስ?» ራዲየሱ 12.6፣ ጥልቀቱ እስከ ግማሽ ቱቦው አልኋቸው። «አሥራ ሁለት ተኩል አታደርገውም?» ሲሉኝ፣ ልኩን ከሆነ ቱቦው ይነክስና አይላቀቅም፣ ትንሽ ትንፋሽ ይፈልጋል አልኋቸው። ሣቁና «አብሽር፣ አንተ ልጅ፣ ገብቶሃል» አሉኝ፤ ያን ያህል የሚያኮራ ነገር ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። የውጩ 150 የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የቱቦው መሐል መስመር በትክክል በፎርማው ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ የመሐል መስመሩ ራዲየስ 75 ከሆነ የፎርማው ዲያሜትር የዚያ እጥፍ ነው። ጫማዋን ከአሉሚኒየም ሠሩልኝ፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ይጭራል፤ አሉሚኒየም ግን ራሱ ያልቃል እንጂ ቱቦውን አይጎዳም።

ማጠፊያው ትንሽ ነው ማለት የሚፈልገው ቦታ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። እጀታው አንድ ሜትር ከሃያ ስለሆነ የሚዞርበት ሜዳ ያስፈልገዋል፤ ቱቦው ደግሞ ከሱቅ ሲመጣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ነው። በዚህ ዓይነቱ ማጠፊያ የሚዞረው በመያዣው የታሰረው ጫፍ ነው፤ በጫማዋ በኩል ያለው ወገን ግን ቀጥ እንዳለ ወደ ፊት ይሳባል። ስለዚህ አጭሩን ጫፍ ወደ መያዣው፣ ረጅሙን ወደ ጫማዋ ማድረግ ነው፤ እኔ ይህን ሳላውቅ በረጅሙ ጫፍ የጎረቤቴን የልብስ ገመድ ከነልብሱ አውርጃለሁ። እግሩንም ጠረጴዛ ላይ ማሰር አይበቃም፤ እጀታው ሲገፋ ጠረጴዛው አብሮ ይዞራል። እኔ መሬቱን ቆፍሬ፣ አራት ብሎኖች አቁሜ ኮንክሪት ሞላሁበት፤ ኮንክሪቱ እስኪጠና ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አሁን ሥራ ስጨርስ አራቱን ዳዶ ፈትቼ ማሽኑን ወደ ጥግ አነሣዋለሁ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ከእጅ ጉልበት በፊት የሚመጣው እርሳስ ነው። የዱካዬ እግር ሁለት የተገለበጡ ዩ ቅርጽ ያላቸው ክፈፎች ናቸው። የእያንዳንዱ ክፈፍ ቁመት 450፣ ወርዱ 400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ከመሐል መስመር ነው የሚለኩት። ሰው በየዋህነት 450፣ 400 እና 450 ደምሮ 1300 ይቆርጣል፤ ነገር ግን ቱቦው ማዕዘኑን ሳይነካ በቅስት ስለሚያቋርጥ ለእያንዳንዱ ዘጠና ዲግሪ የራዲየሱን 0.43 ያህል ያተርፋል። በ75 ራዲየስ ይህ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሁለቱ እጥፋት 64። ስለዚህ የሚቆረጠው 1236 ነው። ከአንድ የስድስት ሜትር ቱቦ አራት ክፈፍ፣ ማለትም ሁለት ዱካ፣ ይወጣና አንድ ሜትር ያህል ለሙከራ ይተርፋል። የመጀመሪያው እጥፋት የሚጀምረው ከጫፉ 450 ላይ ሳይሆን ራዲየሱ ተቀንሶ 375 ላይ ነው። ቅስቱ ራሱ 118 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ከዚያ 250 ቀጥ ያለ ይከተላል፤ ሁለተኛው እጥፋት 743 ላይ ይጀምራል። ያ 250 መኖሩ መልካም ነው፤ መያዣው በሁለተኛው እጥፋት ጊዜ የሚነክሰው ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋልና። ሁለቱን እጥፋቶች አቀራርቦ የሚነድፍ ሰው ሥዕሉ ያምርለታል፤ ማሽኑ ላይ ሲደርስ ግን መያዣው ቅስቱ ላይ ይወጣና ቱቦው ይንሸራተትበታል።

እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ የሚስማሙ ናቸው፤ ብረት ደግሞ የራሱ አመል አለው። እጀታው ሲለቀቅ ቱቦው በመጠኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ከውፍረቱ መሐል አካባቢ ያለው ብረት ተለጥጦ የመመለስ አቅሙን ገና አልጨረሰም። በእኔ ማሽን ላይ በ1.5 ቱቦ ዘጠና ለማግኘት ዘጠና ሦስት መግፋት አለብኝ፤ የማይዝግ ብረት ከዚህ የበለጠ ይመለሳል። ይህንን ቁጥር ከሌላ ሰው መዋስ አይቻልም፤ ቱቦው ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ እንኳ ይለወጣል። ስለዚህ አዲስ ቱቦ በገዛሁ ቁጥር ከተረፈው ላይ አንድ ቁራጭ ወስጄ፣ አንድ ጊዜ በ30፣ አንድ ጊዜ በ60፣ አንድ ጊዜ በ90 አጥፌ፣ በስኳድራና በማዕዘን መለኪያ አይቼ የተመለሰውን ልክ በጠመኔ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ እጽፋለሁ። ጎረቤቶቼ የዕቁብ ዝርዝር ይመስላቸዋል። የጎደለን ዲግሪ መልሶ መጨመር ይቻላል፤ የተረፈን መመለስ ግን ቱቦውን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሲጠራጠሩ ማሳነስ ነው።

የቱቦውን ስፌት አትርሱ። በገበያችን ያለው የብረት ቱቦ በብዛት ከላሜራ ተጠቅልሎ በርዝመቱ የተበየደ ነው፤ ውስጡን በባትሪ መብራት ብታዩ መስመሩ ይታያል። ያ መስመር እጥፋቱ ላይ ከውጭ ከሆነ ይለጠጣል፣ ከውስጥ ከሆነ ይጨማተራል፤ ስለዚህ ከጎን፣ መለጠጥም መጨማተርም ወደሌለበት መሐል መስመር ማዞር ነው። ጫማዋ ላይ ግሪስ ይቀባል፤ መያዣው ላይ ግን ጠብታ ዘይት እንኳ መድረስ የለበትም። አንድ ቅዳሜ በግሪስ የተነካ ጓንቴ መያዣውን ነክቶት ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ ሾለከ፤ እኔም ከእጀታው ጋር ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ እጀታውን ወደ ራሴ እስባለሁ እንጂ ሰውነቴን ጥዬበት አልገፋም፤ ጣቶቼንም ከጫማዋና ከፎርማው መገናኛ አርቃለሁ።

እጥፋቱ ሲበላሽ ብልሽቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከውስጥ በኩል ትናንሽ ማዕበል የሚመስሉ መጨማደዶች ከታዩ ጫማዋ ከቱቦው ርቃ ነበር፣ ወይም ግድግዳው ለራዲየሱ ስስ ነው። ጀርባው ከጠፈጠፈ ፎርማው ሰፍቷል። እኔ ከማጠፌ በፊት 25 የነበረውን ቱቦ ከእጥፋቱ መሐል በሁለት አቅጣጫ ስለካው በአንዱ 25.4፣ በሌላው 23.9 አገኛለሁ፤ ይህ ለወንበር ምንም አይልም፣ ዓይንም አያየውም። ማዕዘናዊ ቱቦ፣ አር ኤች ኤስ የምንለው፣ በክብ ፎርማ ፈጽሞ አይታጠፍም፤ የራሱ ጠፍጣፋ ወለል ያለው ፎርማ ይፈልጋል።

ፎርማ የሌለው ሰው አሸዋ ሞልቶና በእሳት አግሎ ማጠፍ ይችላል፤ የድሮ ሠራተኞች እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ያማረ ሥራም ይወጣዋል። ነገር ግን አሸዋው በምጣድ ተቆልቶ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት ውስጡ እንፋሎት ሆኖ የቱቦው ጫፍ የተደፈነበትን ውታፍ እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ደግሞ እሳት ማየት የለበትም፤ ጢሱ ማታውን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው እጥፋት ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ገጽ ላይ መዋል አለበት፤ ይህ ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ክፍል ነው። በቱቦው ርዝመት ሙሉ አንድ የጠመኔ መስመር አሰምራለሁ፤ ሁለተኛውን ከማሰሬ በፊትም የታጠፈውን እግር ላይ የውሃ ልክ አስቀምጬ አያለሁ። አንድ ዲግሪ ጠመዝማዛ እጥፋቱ ላይ አይታይም፤ ከ450 ሚሊ ሜትር በታች፣ እግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ስምንት ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያዋን ዱካ ስጨርስ የውሃ ልኩን ነገር ገና አላወቅሁትም ነበር። እናቴ ከደረጃው ሥር አስቀምጣት ረከቦቷን ከፊቷ አደረገችና አቦሉን ቀድታ ስትቀመጥ ዱካዋ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አለች። ምንም አልተናገረችም፤ ከክብሪት ሳጥን ላይ ወረቀት ቀድዳ፣ አጥፋ፣ ከአራተኛው እግር ሥር ሸጎጠችና ቡናዋን ቀጠለች። ወረቀቱ እስካሁን እዚያው ነው፤ ላስተካክለው ባልኋት ቁጥር «ተወው፣ ለምጄዋለሁ» ትለኛለች።